ዑምኩልሱምና የፈረሰው ገዳም

አምባሰል ውስጥ፣ ከዑምኩልሱም የጤፍ ማሳ ዳር፣ የጥንት ገዳም ፍርስራሽ አለ። ጣሪያው መቼ እንደወደቀ የሚያስታውስ የለም፤ የቀረው አንድ የበር ቅስትና ቁልቋል የወረሰው ግድግዳ ነው። ሴትዮዋ ሙስሊም ናት፤ አባቷም አያቷም ሙስሊም ነበሩ። ቢሆንም የእነሱ ቤት ማሳ ሲታረስ ሞፈር ወደ ግድግዳው አይጠጋም። «የጸሎት ቦታ ነው፣ ሥሩም ሰው ተቀብሯል» እየተባለች ነው ያደገችው። ባሏ ከሞተ ወዲህም የሚያርስላትን ሰው አስቀድማ የምታስጠነቅቀው ይህንኑ ነው።

ባለፈው በጋ ከገበያ ስትመለስ ገልባጭ መኪና ቅስቱ አጠገብ ቆሞ አየች። ሰዎች ግድግዳውን በዲጂኖ እየናዱ ይጭናሉ። የሚያዛቸው ሽታው ነበር፤ የዚያው መንደር ልጅ፣ አሁን በአቅራቢያው ባለ ሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠራ።

«ሽታው! ምን እያደረግህ ነው?»

«ድንጋይ ነው እኮ እትዬ። ባለቤት የለውም።»

«ባለቤት የለውም? የአያቶችህ አጥንት ከሥሩ ተኝቶ?»

ሽታው ሳቀ። «እርስዎ ደግሞ! እስላም አይደሉ እንዴ? የፈረሰ ገዳም ምንዎ ነው?»

ዑምኩልሱም ብዙ ነገር ችላ ታውቃለች። ይህችን ግን አልቻለቻትም። ዘንቢሏን ወርውራ ከመኪናው ፊት መሬት ላይ ዘርፈጥ አለች።

«ወላሂ፣ በላዬ ላይ ካልነዳህ አታልፍም! እናትህ ስትሞት አስከሬኗን ማን ተሸከመ? የእኔ ባል አይደለም? ያን ቀን ‹እስላም ነው› ያለ ነበር?»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ጎረቤቷ ጸዳለ ጩኸቱን ሰምታ መቀነቷን እያጠበቀች ደረሰች፤ መንደሩም ተከትሎ ወጣ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከዑምኩልሱም ጎን ተቀመጠ።

«እኛ የምንሳለመው ተኝተን አንቺ ትጠብቂልን?» ብላ ጸዳለ አለቀሰች።

«ለቅሶውን ተዪና ድንጋዩን አውርጂ!» አለቻት ዑምኩልሱም በቁጣ።

የተጫነውን አራገፉ። እሷ ገበያ ሳለች የተወሰደው ድንጋይ ግን የማረፊያው አጥር ሆኖ በሲሚንቶ ተለስኗል። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሽታውም ይቅርታ ጠይቆ፣ አጥሩን አፍርሼ እመልሳለሁ ብሎ ማለ። እስከ ዛሬ አላፈረሰም። ማረፊያው በተመረቀ ዕለት ዑምኩልሱም ሳትጠራ ሄደች። እንግዳው ሁሉ ፊት አጥሩን በመዳፏ እየመታች፣ «ይህ የተሰረቀ ነው!» አለች። ሽታው አንገቱን ደፋ፤ ሊያስወጣት የደፈረም አልነበረም።

ቅስቱ አሁንም ቆሟል፤ እሷና ጸዳለ ዙሪያውን በእሾህ አጥረውታል። ሽታው መንገድ ላይ ሰላም ሲላት አትመልስለትም። ሽማግሌዎቹ «ታርቃችኋል እኮ» ሲሏት፣ «እርቁ ድንጋዩ ሲመለስ ነው» ብላ መንገዷን ትቀጥላለች።