የቆረጥኳት መስመር

የሰንበት ትምህርት ቤታችን ባነር ሁልጊዜ የእኔ ሥራ ነው። ኮምፒውተር እችላለሁ የምትል ቃል አንድ ቀን ከአፌ አመለጠችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀኝ። የደብረ ታቦር በዓል ሳምንት ሲቀረው ከቴሌግራም አንድ ሥዕል አገኘሁ፤ ጌታ በተራራው ላይ ፊቱ እያበራ፣ ደቀ መዛሙርቱ ከእግሩ ሥር ወድቀው። እንዲህ ያለ ውብ ሥዕል አይቼ አላውቅም። ከግርጌው በቀይ ቀለም የተጻፈች ጠባብ መስመር ነበረች። ለመርሐ ግብሩ ቦታ ስለጠበበኝ እሷን ቆርጬ ጣልኳት፤ አላነበብኳትም እንኳ።

አታሚው ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው። ሥዕሉን እንዳዩ የማን ሥራ እንደሆነ፣ ባለቤቱንም አስፈቅጄ እንደሆነ ጠየቁኝ። የቅዱስ ሥዕል ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው አልኳቸው፣ ኮራ ብዬ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉና ማሽናቸውን አስነሱ። ተረቱ ለእኔ መሆኑን ልቤ እያወቀ ባነሬን ጠቅልዬ ወጣሁ።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ባነሩን ደጀ ሰላሙ ላይ ሰቀልነው። በማግስቱ ከከተማው ዳር ከጋፋት መንደር በኩል አንድ አዛውንት መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ከባነሩ ሥር ጎንበስ ብለው ጫፉን በእጃቸው ዳሰሱት። ምን ጠፋብዎት ብላቸው ሥዕሉን የሣሉት እሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። እኔም እንደ ልማዴ አፌ ቀደመኝ፤ ሥራቸው ለበዓል መዋሉ ሊያስደስታቸው እንደሚገባ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

«መዋሉስ ደስ ይለኛል፣ ልጄ። ብትጠይቂኝም እንቢ አልልሽም ነበር» አሉ። «ግን ዓይኔ ደክሟል፤ ከእንግዲህ አልሥልም። ልጅም የለኝ። ተዝካሬን የምታወጣልኝ ያቺ መስመር ነበረች።»

መስመሯ የክርስትና ስማቸውን ይዛ፣ የሣለውን፣ ያሣለውን፣ አይቶ የጸለየውን ሁሉ ይቅር በል የምትል ኖራለች። የድሮ ሠዓሊዎች ልማድ ናት፤ በስንት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሳያት ነው ያደግኩት። አፈርኩ፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የሰው ጸሎት ቆርጬ የመዝሙር ሰዓት ጻፍኩበት። ይቅርታ ጠይቄ ባነሩን ላወርደው ስል፣ ሕዝቡ እየተሳለመው እንዴት ይወርዳል ብለው ከለከሉኝ።

ወደ አታሚው ሮጥኩ። ፊቴን አይተው ሳቁና ከባነር ትራፊ አንድ ነጭ ቁራጭ ሰጡኝ። ተመልሼ መሪጌታን ወንበር ላይ አስቀምጬ መስመሯን እንደገና እንዲጽፏት ቀይ ማርከር አስያዝኳቸውና መርፌና ክር ፍለጋ ሄድኩ። ስመለስ ጽፈው ጨርሰዋል። ከባነሩ ጀርባ ዞሬ ከግርጌው ሰፋሁት፤ በችኮላዬ አሁንም አላነበብኩትም።

የበዓሉ ዕለት ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ፣ ምእመኑ ከባነሩ ሥር እየቆመ ያችን መስመር ያነብ ነበር። አንብቦ ያማትባል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ይስቃል። ምን ጉድ ነው ብዬ ቀረብኩ። ከስማቸው በኋላ የሣለውን፣ ያሣለውን፣ አይቶ የጸለየውን ይላል፤ የድሮው ነው። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ሰው ተጨምሯል፤ «ይህችን መስመር የቆረጠችውንም ልጄን አቤቱ ይቅር በላት።»