ሽጉጤ አባቴን ፈልጎ መጣ

ዛሬ ፖስተኛው አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ያለው ሱቃችን በር ላይ ቆሞ «ሚስተር ተስፋዬ ካልፈረመ አልሰጥም» አለኝ።

ተስፋዬ አባቴ ነው፤ ያለው ደሴ ነው።

እሽጉ ውስጥ ያለው ግን የእኔ ሽጉጥ ነው። ሱቁን ብቻዬን ስለምዘጋ የገዛሁት፣ ቃታው አልሳብ ሲል በዋስትናው እንዲጠግኑልኝ ለፋብሪካው የላክሁት። እዚህ አገር የምጠራው በአባቴ ስም ስለሆነ፣ ፋብሪካው ወንድ መስዬው እሽጉ ላይ «ሚስተር ተስፋዬ» ብሎ ጽፎ መለሰው።

ፋብሪካው ደወልኩ።

«ስልኩን ለባልሽ ስጪው» አለኝ ሰውየው።

«ተስፋዬ ባሌ አይደለም፣ አባቴ ነው!»

«ኦኬ፣ ለአባትሽ ስጪው።»

አባቴ እኮ የአይጥ ወጥመድ ሲጠመድ ከቤት የሚወጣ ሰው ነው!

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ «ምናለ፣ ፂም ለጥፈሽ ብትፈርሚ» ብለው ሳቁብኝ።

እናንተስ መሣሪያ ለጥገና ልካችሁ ምን ገጠማችሁ? እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ለገዛ ሽጉጤ የአባቴን ፊርማ አላመጣም፤ ሚስተርም አልባልም።