ሄደሽ እውነት አድርጊው

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ፣ ቱሉ ዲምቱ ያለው የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ሰው ሞልቶበት ሻንጣዬ የሚወርድበት ጠፍቶ ነበር። ሁሉም ይመርቃል፣ ሁሉም ያለቅሳል፤ ያለቀሰውም እንባውን ጠርጎ ሻንጣው ስንት ኪሎ እንደሆነ ይጠይቃል። የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት በሃይላንድ የተሞላ ጠበል አስያዙኝና «ልጄ፣ ሰው አገር ስትገቢ አፍሽን ጠብቂ» አሉኝ። እንዳልዋሽ ነው። አባዬ ግን የሚፈልገው አፌን እንድከፍት ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ልጆች ሳለን የምንኖረው ቃሊቲ ነበር፤ የሌላው ሾፌር ልጆች አባታቸው ሲመለስ ብርቱካንና ቴምር ይጠብቃሉ። የእኛ አባት የሚያመጣልን ቃል ነበር። ገና ከጋቢናው ሳይወርድ «ማሃድሰኒድ በሉ፣ በሶማሊኛ አመሰግናለሁ ማለት ነው» ይለናል። ሌላ ቀን ደግሞ የፈረንሳዮቹን ሰላምታ፣ ቦንዡርን ይዞ ይመጣል። እናቴ «ልጆቹ ይሄን ይብሉት?» ስትለው «አገር በእግር አይገባም፣ በአፍ ነው የሚገባው» ብሎ ይመልስላታል። እኔን መንገድና ቋንቋ መውደድ አንድ ላይ የያዙኝ ያኔ ነው። ካደግሁ በኋላም ከደብራችን የሚነሳ የገዳም ጉዞ አያመልጠኝም ነበር፤ አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ የአገሩን ሰላምታ ሳልይዝ አልመለስም። ጀርመን የመጣሁት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ልሠራ ነው፤ ግን ግማሹ ምክንያት ቋንቋው እንደነበር አልክድም።

ጉዞው የተጀመረው በጠበሉ ነው። ኤርፖርት ፍተሻው ላይ ያለችው ልጅ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ አየችው።

«እህቴ፣ ፈሳሽ አያልፍም።»

«ጠበል ነው።»

«ጠበልም ፈሳሽ ነው። ቅርጫቱ እዚያ ጋ አለ።»

ጠበል ቅርጫት ውስጥ ሊጣል። «ልጠጣው?» አልኳት።

«ሁሉንም?»

ሁሉንም ጠጣሁት፣ እዚያው ቆሜ። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሰውዬ «እህቴ፣ ለእኛም ጸልዪልን፤ አውሮፕላኑ ሊያመልጠን ነው» አለ። መቀመጫዬ መስኮቱ ጋ ነበር። መስኮት እወዳለሁ ብዬ ራሴ የመረጥኩት ነው፤ ያን ሌሊት ሁለቱን ጎረቤቶቼን ስንቴ እንዳስነሳኋቸው እነሱ ይናገሩት።

የማርፍበትን ክፍል ያከራዩኝ ፍራው ኬለር ይባላሉ፤ ፍራው እንደ እኛ ወይዘሮ ነው፤ ሰባ ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሴት። ብርዱ የአቃቂን የኅዳር ጠዋት በጋ አድርጎ አሳየኝ። ዳቦው ጡብ ነው፤ ጣል ቢያደርጉት ወለሉ ይጎዳል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ዝምታው ነው። የቃሊቲ ከባድ መኪና ጡሩምባ እያስተኛ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ እዚህ ጸጥታው ይቀሰቅሰኛል። ለፍራው ኬለር ግን ጸጥታው አልበቃቸውም። ዐቢይ ጾም እንደገባ በሬን አንኳኩ።

«ዕቃ እያንቀሳቀስሽ ነው?»

«አይ፣ እየሰገድኩ ነው።»

«ምን?»

በተግባር አሳየኋቸው። ተነሥቼ፣ ወድቄ፣ እንደገና ተነሥቼ። ረጋ ብለው ተመለከቱኝ።

«ምንጣፍ ቢኖር እግዚአብሔር አይሰማሽም?»

በማግስቱ በሬ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ተጠቅልሎ አገኘሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀት ልግባ። የሥራ ውሌ የሚታደሰው የቋንቋ ፈተና ካለፍኩ ብቻ ነው፤ ካልሆነ ሻንጣዬ በመጣበት ደረጃ ይመለሳል። ጽሑፉን አልፈራሁትም። ያልጠበቅሁት የቃል ፈተናውን ነው። ፈታኟ መነጽር ያደረገች ደግ ሴት ነበረች።

«ባለፈው ኡርላውብ የት ሄድሽ?» አለችኝ። ኡርላውብ የሚሉት የዕረፍት ፈቃድን ነው፤ እዚህ ሰው ከልጁ ቀጥሎ የሚወደው እሱን ነው።

«የትም አልሄድኩም።»

«እሺ፣ ባሕር ሄድኩ በዪ።»

«አልሄድኩም እኮ።»

«ልምምድ ነው። ማንም አያጣራም።»

«እግዚአብሔር ያጣራል።»

ፈታኟ ወረቀቷን ገለጠች። «ሆቴሉስ እንዴት ነበር?»

«የቱ ሆቴል?»

ወደቅሁ። የቋንቋ ትምህርት ቤቱ መምህሬ «ቋንቋሽ ደኅና ነው፤ ያጣሽው ታሪክ ነው» አለኝ። አንድ ዕድል ብቻ ቀረኝ።

ስንት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። የምንማርበት መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ውሸት ነው፤ «ባለፈው ሳምንት ዣንጥላዬን መለስኩ» ይላል፣ «ዝንጀሮ አየሁ» ይላል፣ «ባሕር ሄደን ተዝናናን» ይላል። ለሌሎቹ ተማሪዎች ምንም አልመሰላቸውም። በመጨረሻ ለአባ ወልደ ሰንበት ደወልኩ።

«አባ፣ ለፈተና ሲባል መዋሸት ኃጢአት ነው?»

«ምን ብለሽ ነው የምትዋሺው?»

«ባሕር ሄጄ ተዝናናሁ ብዬ።»

«ሄደሻል?»

«አልሄድኩም፣ አባ።»

«ታዲያ ለምን አትሄጂም?»

ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ውሸት የሚሆነው ካልሄድሽ ነው» አሉ አባ። «ሄደሽ እውነት አድርጊው። ደሞ ልብስ ደርቢ።»

በዚያው ሳምንት መጽሐፉን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀመርኩ። መካነ አራዊት ሄጄ ዝንጀሮ አየሁ። ሙዚየም ገባሁ። ሱቅ ሄጄ ዣንጥላ ገዛሁና ልመልስ ተመለስኩ።

«ችግሩ ምንድን ነው?» አለኝ ሻጩ።

«ምንም ችግር የለበትም።»

«ታዲያ ለምን ትመልሺዋለሽ?»

«ምዕራፍ ስድስት ነው።»

ሰውየው ለብዙ ጊዜ አየኝና ተቀበለኝ። ስወጣ ዝናብ ጀመረ።

የባሕሩ ምዕራፍ ሲደርስ ፍራው ኬለር ሰሙ። «በዚህ ብርድ ባሕር? ብቻሽን?» ብለው ካፖርታቸውን ለብሰው ተከተሉኝ። ባቡር ውስጥ በቅጠል ሰላጣና በአይብ የተሞላ ሳንድዊች አወጡና «ትበያለሽ?» አሉኝ። ፋሲካ አልፏል፣ የጾም ቀን አልነበረም፤ ርቦኛልም። ያም ሆኖ ወግ አለ፤ እናቴ ያሳደገችኝ በአንድ ጥያቄ እጄን እንድዘረጋ አይደለም። «አይ፣ ይቅርብኝ» ብዬ ሁለተኛውን ልመና ጠበቅሁ። ፍራው ኬለር ሳንድዊቹን መልሰው ጠቀለሉ። ባሕሩ ድረስ ጠበቅሁ። በሞቴ የሚል ቀርቶ የሚያየኝም አልነበረም።

ባሕሩ ግራጫ ነው፤ ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ይታገላል። አማትቤ እግሬን ነከርኩ፣ ወዲያውም አወጣሁ። ተዝናናሁ ለማለት ይበቃል። ፍራው ኬለር አልነከሩም፤ ቆመው ብቻ ያያሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መጥተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ቆየት ብለው «በእናንተ ቋንቋ ይሄ ምን ይባላል?» አሉ።

«ባሕር።»

«ባ-ሕር» አሉ፤ «ሕ» የምትለዋ ፊደል ጉሮሯቸው ላይ ታግላቸው ወጣች። ከጋቢናው ሳይወርድ ቃል የሚያቀብለን አባቴ ትዝ አለኝ። እኔም ለሰው ቃል አመጣሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ያቺው ፈታኝ ተቀምጣለች። ኡርላውብ ስትለኝ ባሕሩን፣ ነፋሱን፣ ሳንድዊቹን ሳይቀር ዘረገፍኩት። «በቃ፣ በቃ» እያለች ሳቀች። ቀጥሎ ሰሚር ከሚባል ሶርያዊ ተፈታኝ ጋር ጉዞ አቅዱ ተባልን። በግንቦት መጀመሪያ ቅዳሜ ሐይቅ ልንሄድ ተስማማን፤ እሱ ሻይ፣ እኔ ዳቦ። እንደወጣን ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት።

«ቅዳሜዋን እንዳትረሳ።»

«የቷን?»

«የሐይቁን። ተስማምተናል እኮ።»

«እህቴ፣ ፈተና ነው።»

«እኔ በፈተና ላይም ቃሌ ቃል ነው።»

ሰሚር ወደ መውጫው በር አየ። «ሚስቴን ልጠይቃት» አለ።

አለፍኩ። ውሉ ታደሰ። በግንቦቱ ቅዳሜ ዳቦዬን ይዤ ጣቢያው ስደርስ ሰሚር ከነሚስቱና ከነፔርሙዙ ቆሞ አገኘሁት። «ይቺ ሴት ትመጣለች ብዬሽ አልነበር?» ይላታል በዓይኑ። ፍራው ኬለርም አብረውኝ መጥተዋል። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳንድዊች አወጡ።

«ትበያለሽ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

«ብዪ። ብዪ እንጂ። ብዪ በቃ።» ከዚያ፣ የልመናውን ወግ ነግሬያቸው ስለነበር፣ ጣታቸውን ቆጠሩ። «አሁን በቂ ነው?»

ተቀብዬ ስበላ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሰናፍጩ ነው አልኩ። ሰናፍጩም በእርግጥ ያቃጥል ነበር።

እዚያው ሆኜ አባዬ ጋ ደወልኩ። ከጀርባው የሚኒባስ ረዳት «ቃሊቲ፣ ቃሊቲ» ይላል፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጠበቅሁት።

«አባዬ፣ ፈተናውን አለፍኩ።»

«ተመስገን። እንግዲህ ትቆያለሽ ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ለመስቀል ትመጫለሽ?»

ፈቃድ መቼ እንደሚሰጠኝ አላውቅም። እዚህ ያሉ የአገሬ ልጆች ለእናት ለአባታቸው «በቅርቡ» ይላሉ፣ ዓመት ከዓመት። እኔ ያን ቃል ተናግሬው አላውቅም።

«ዛሬ ቃል አመጣሁልህ» አልኩት። «ቢስ ባልድ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሲለያዩ ይሉታል። በቅርቡ እንገናኝ ማለት ነው።»

«ቀኑን ይናገራሉ?»

«አይናገሩም።»

«ቢስ ባልድ» አለ አባዬ፣ ቃሉን እንደ ብርቱካን እያገላበጠ። «ቢስ ባልድ፣ ልጄ።»

«ቢስ ባልድ፣ አባዬ።»

ስልኩ ተዘጋ። ፍራው ኬለር ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አባቴ ነው አልኳቸው። አሁን እኔም «በቅርቡ» ብዬዋለሁ። የቀረኝ ሄጄ እውነት ማድረግ ነው።