ሲፈን ከዘፈኗ ያጠፋችው ድምፅ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ሲፈን «ድምፁ እንዴት ጥርት ያለ ነው!» የሚል አስተያየት አንብባ አለቀሰች።

የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋ ከወጣ ገና ሦስት ሰዓቱ ነበር።

ሲፈን እዚህ ቡራዩ፣ እናቷ ቤት፣ በአንድ ላፕቶፕ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የምትሠራ ልጅ ናት። ስትቀዳ እናቷ አደ ጫልቱ ከመጋረጃው ወዲያ ይጣሩ ነበር፦ «ሲፌ፣ ምሳሽ ቀዘቀዘ እኮ። ያ ኮምፒውተር ያብላሽ እንግዲህ።»

እሷም የእናቷን ድምፅ ከእያንዳንዱ ቅጂ እየለቀመች አጠፋች። ላፕቶፑ ሲሞላባት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ሰረዘቻቸው።

አደ ጫልቱ ባለፈው ወር አረፉ።

ዘፈኑ ሊወጣ ሲል ሲፈን አንዲት ቃላቸውን መጨረሻው ላይ ለማስገባት ፈለገች። ፈልጋ ፈልጋ አጣች።

«ስልክሽ ላይስ የለም?» አልኳት።

«እማ የድምፅ መልእክት አትልክም ነበር፣ ጋሼ። ትደውላለች እንጂ።»

እኔም ዕድሜዬን ጋዜጣ ቤት የሰው ጽሑፍ ስቆርጥ የኖርኩ ነኝ፤ ለእንዲህ ያለው ማጽናናት የምመች ሰው አይደለሁም። አጠገቧ ተቀምጬ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። እውነትም ጥርት ያለ ነው።

እናንተም ሳታስቡት ያጠፋችሁት ድምፅ ካለ ከታች ጻፉልኝ።

አደ ጫልቱን የምታውቁ የቡራዩ ሰዎች ግን፣ እባካችሁ የሰርግና የልደት ቪዲዮዎቻችሁን አንዴ ክፈቱ። ከሰው መሃል «ብሉ እንጂ» ሲሉ ከተሰሙ ለሲፈን እንዳለ ላኩላት። መልካቸው ባይታይም ግድ የለም።