መልስ ሳይሰሙ የማያልፉት አጎቴ

አያ የምንላቸው አጎቴ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ በየጎረቤቱ ደጅ ቆመው «እንዴት አደራችሁ?» ይሉ ነበር፤ መልስ ሳይሰሙ አያልፉም። አንድ ማለዳ ብቻዋን የምትኖር መበለት ዝም ብትላቸው በሩን ገንጥለው ገቡ። በትኩሳት ራሷን ስታ አገኟት፤ አዝለው ሐኪም ቤት አደረሷትና ዳነች።

ጣልያን ከወጣ ወዲህ ግን ሰፈርተኛው ሱቅም ሥራም ፍለጋ አንድ ባንድ ወደ ፒያሳ ሄደ። እኔም ዕቃዬን ስጭን «ምነው አያ፣ አብረን ብንሄድ?» አልኳቸው።

«ሰው ያለበት ደጅ ገና ሁለት አለ» አሉኝ።

ባለፈው ክረምት እነዚያም ለቀቁ። በጥቅምት አያ ማረፋቸውን ያወቅነው በሦስተኛው ቀን ነው። ለቀብራቸው ከፒያሳ የመጣው ሰው ሰፈሩን እንደ ድሮው ሞላው። ሲመሽ ሁሉም ተመለሰ። በራቸውን ቆልፌ እኔም ተከተልኩ።