የአባቴ ወገብና የአባቴ ክንድ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ አላውቅም። በገጠር ሰው ይታመማል፣ ይሞታል፤ ለዚያ ሁሉ ማን ይጽፋል? ቢሆንም የተሳሳትኩት እኔ ስለሆንኩ በትክክል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ደብረ ማርቆስ የጤና ትምህርት አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በየካቲት ዕረፍት ከሉማሜ አንድ ሰዓት በእግር ወደሚያስኬደው መንደራችን ስሄድ ሜትርና በባትሪ የሚሠራ የደም ግፊት መለኪያ ተውሼ ነበር። የሆድ ስብ ለግፊት እንደሚያጋልጥ ተምረናል። እኔ ደግሞ ከዚያ አልፌ፣ ስብ የሌለው ሰው ግፊት አይነካውም ብዬ ደመደምኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቶች ግቢያችን ተሰበሰቡ። ባትሪው ደክሞ ስለነበር የሁሉንም ወገብ ለክቼ፣ ግፊት የምለካው ወገቡ የሰፋውን ብቻ ነበር። ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን ሜትሩን አይታ፣

“ልጄ፣ ይቺ ትበቃኛለች? የበሬ ጠፍር አምጪ እንጂ!” አለች።

“ተይ፣ አንቺ ላይ ከተበጠሰ በምን አርሳለሁ?” አሉ አባቴ።

“ዝም በል፣ አንተ ሸምበቆ!”

ሳቅን። የእሷ ግፊት ከፍ ብሎ ስላገኘሁት ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋት።

አባቴ መቀነታቸውን ፈትተው ቀረቡ። ወገባቸው ቀጭን ነው። ያም ሆኖ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ሰሞኑን ማጅራታቸውን ያማቸው ነበር፤ ምች ነው ተብሎ እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ በአፍንጫቸው ታደርግላቸዋለች። ይህን አውቅ ነበር።

“አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ሥጋ አለዎትና! ባትሪው ለሌላ ሰው ይቆይ።”

“እውነትሽን ነው፤ የጠገበ ሰው በሽታ ነው” ብለው እጅጌያቸውን መለሱ።

በመጋቢት እርፍ እንደያዙ ወደቁ። በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያም በመኪና ደብረ ማርቆስ መጡ። ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፤ አንደበታቸውም ተይዟል። ሐኪሙ ግፊታቸውን ለክቶ፣ ሳይታወቅ የቆየው ግፊት የጭንቅላታቸውን ደም ሥር እንደበጠሰው ነገረኝ።

“ቀጭን ናቸው እኮ” አልኩት።

“ቀጭን ሰው ደም ሥር የለውም?” አለኝ።

ቤት ከመለስናቸው በኋላ ፈቃድ ጠይቄ አጠገባቸው ሆንኩ። አዲስ ባትሪ ገዝቼ በየጠዋቱ እለካቸዋለሁ። መሣሪያውን ሲያዩ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ደህናውን ክንዳቸውን ይዘረጉልኛል። ጎረቤታችን ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር፣ “አንቺ ባትለኪኝ ኖሮ እኔም እንዲህ እሆን ነበር” እያለች ትመርቀኛለች። እናቴ እየሰማች የአባቴን ትራስ ታስተካክላለች።

ክንዳቸውን ሳይዘረጉልኝ የቀሩት ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት፣ በሚካኤል ዕለት ነው።