ጠላችን በርሜል የገባበት ዓመት

«ምነው፣ ከጦር ሜዳ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አስተናጋጁ አጠገቤ ቆሞ ቢራ ሲከፍት «ጢሽ» ያለውን ድምፅ ሰምቼ፣ ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ይዤ ጠረጴዛ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከጦር ሜዳ አይደለም የመጣሁት፣ ከእናቴ ጓዳ ነው። ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር የጌሾ ሽታ ይዞብኝ ይመጣል፤ ጌሾውን ተከትሎ ደግሞ ጋምቤላ፣ ቆርቆሮ ክዳኑ እንደ ምጣድ የሚግለው ቤታችንና ያ የጠርሙስ መዓት።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም አልቆየችም ነበር፤ ትናንት መኖሪያ የነበረው ቤት ዛሬ ታፔላ ተሰቅሎበት ቢሮ ሆኖ ይገኝ ነበር። አባዬ ከጎሬ ተመድቦ የመጣ የሳይንስ አስተማሪ ነው። እማዬ ለሽያጭ ሳይሆን ለዓመት በዓልና ለማኅበር ጠላ ትጠምቅ ነበር። ከጎሬ ያመጣችው ጋን መኪና ላይ ሲንገጫገጭ መጥቶ ሲወርድ ለሁለት ስለተከፈለ፣ አባዬ የቢራ ጠርሙስ እየሰበሰበ፣ ጠላውን እየሞላ፣ አፉን በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፎ በሲባጎ ጠፍሮ ያስር ጀመር። «ንጽሕና ማለት ይሄ ነው» ይል ነበር። ንጽሕናውን የምሠራው ግን እኔ ነበርኩ፤ ጠጠርና አመድ ጨምሬ፣ ውሃ ሞልቼ፣ ክንዴ እስኪዝል እየናጥኩ፣ ሥሩ የተጋገረው አተላ አልለቅ ሲለኝ በእንጨት እየጎረጎርኩ በዓል በመጣ ቁጥር ጓሮ ተቀምጬ እውል ነበር። የጎረቤታችን ልጅ አጁሉ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ በአጥራችን ላይ ተንጠልጥላ ታየኝና ትስቅ ነበር። እናቷ የማሽላ ጠላቸውን በትልቅ እንስራ ይጠምቃሉ፣ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ በቅል እየቀዳ ይጠጣል፣ አለቀ። አጁሉ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የምትለው።

«አንተ ጠርሙስ አገባህ?» አለችኝ አንድ ቀን።

በበጋ ጋምቤላ ላይ ጠላ እንደ ጎሬ አይተኛም፤ ሌሊት ሳይቀር ይፈላል። በአንዱ ፋሲካ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ አልጋ ሥር ከተደረደሩት አንደኛው ጠርሙስ ፈነዳ፣ እሱን ሰምቶ ይመስል ሁለተኛው ተከተለ፣ ከዚያማ ማን ይቁጠረው። አባዬ «ረጋ በሉ፣ ጋዝ ነው፣ ጋዝ ነው» እያለ ሰውን ሲያረጋጋ ሦስት ሴቶች በአንድ በር ለመውጣት ተጨናንቀው ቀሩ። የማኅበሩ እናት እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እየጨመቁ «የሰው ቤት ጠላ ያሰክራል፤ የእናንተ ያቆስላል» አሉ። እማዬ ይህንን ነገር ዓመቱን ሙሉ አልረሳችውም።

ክረምት ገብቶ ባሮ ሞልቶ ደፍርሶ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ አባዬ በእጅ ጋሪ ሆዱ የተነፋ የብረት በርሜል እያስገፋ መጣ። አንድ የተዘጋ የሠራተኞች ክበብ ዕቃውን ሲሸጥ ያገኘው የድራፍት በርሜል ነው፤ ከላይ ጠላው የሚገባበት ቀዳዳ፣ ከሥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ቧንቧ አለው። እማዬ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ደግሞ ይሄ የምን ቦምብ ነው?» አለች። ቢሆንም ለመስቀል ሞላችው።

ያንን መስቀል እኔ እስክሞት አልረሳውም። አንድ በርሜል ሁለቴ አለቅልቄ ሥራዬ አለቀ፣ ቀኑ ግን ገና ማለዳ ነበር። እርጥብ ጆንያ አልብሰን ከማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጥነው፤ ቧንቧው ሲከፈት ጠላው አረፋውን ይዞ እየተንደቀደቀ ይወርዳል፣ ያሻው ብርጭቆውን ይሞላል፣ ያሻው ግማሽ ይቀዳል፣ ተከፍቶ ተጠጥቶ ሳያልቅ ዝንብ የሚገባበት ጠርሙስ የለ፣ የሚፈነዳ የለ። አተላው ሥር ተኝቶ ስለሚቀር የመጨረሻው ብርጭቆ እንደ መጀመሪያው ጥሩ ነበር። የአጁሉ እናት ሳይቀሩ ቅላቸውን ይዘው መጥተው ቧንቧውን ሁለቴ ከፍተው ዘጉት፣ ለጠላው ሳይሆን ለጨዋታው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ወይራ ስላልነበረን በርሜሉ አልታጠነም። እማዬ ከብርጭቆዋ ፉት አለችና «ጭስ የለው፣ ምን ጠላ ይባላል» አለች።

ኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ እኛ ቤት ደረሰ። ቀኑ ቅዳሜ ዋለ። የዚያኑ ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤታችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን በጭነት መኪና ኢታንግ ሊሄድ ነው፣ እኔና አጁሉ ተመርጠናል፣ እኔ ደግሞ ከጎሬ ከመጣን ወዲህ ከጋምቤላ ወጥቼ አላውቅም። እማዬ ቁርጡን ነገረችኝ፤ በርሜሉ ጠላውን ከያዘ እሄዳለሁ፣ ካልያዘ ጠርሙሶቹ ከጓሮ ይወጣሉ፣ እኔም አጥባቸዋለሁ። እትዬ ዘነበች ባሉበት ዳግመኛ አትዋረድም።

በዚህ መሀል ከጎሬ ወይራ ተላከላት። ጠላ የሚጠምቅ ሰው ወይራ እያለው ዕቃውን ሳያጥን አይሞላም፤ እማዬም በርሜሉን በፍሙ ላይ ደፍታ፣ ቧንቧውም ሳይነቀል፣ ዙሪያውን በጨርቅ አፍና ጢሱ እስኪጠግበው አጠነችው። ደስ የሚል ሽታ ነበረው። ከዚያ ሞላችው።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት አውራ ዶሮውን ነው፤ ለማኅበሩ ሊታረድ የተገዛው ዶሮ ሁለት እርምጃ ሄዶ በጎኑ ይወድቃል፣ ተነሥቶ ክንፉን አርገፍግፎ ሊጮህ ሲል ድምፁን ይረሳዋል። ቧንቧው ሥር ኩሬ ነበር። አባዬ በርሜሉን ወደ ኋላ አጋድሞ ቧንቧውን ፈታና እንዳያፈስ የሚያጠብቀውን ጎማ አወጣው፤ እንደ ማስቲካ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል።

«ጎማ ያለበት ዕቃ ታጥኚያለሽ?» አለ አባዬ።

«ታዲያ ሳይታጠን ሊጠጣ ነው?» አለች እማዬ።

እኔም ዝም ማለት የሚባል ነገር አልተፈጠረብኝምና የአባዬ ብስክሌት ውስጥ ጎማ እንዳለ ተናገርኩ። አባዬ ብስክሌቱን እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። እማዬም ብስክሌቱን አየችው፤ እንጥፍጣፊውን አየችው፤ ምንም አላለችም፤ እሱም ያለችውን ሁሉ ሰማ። ጠላውን በባልዲና በጀሪካን ገለበጥን፣ አባዬ በረጅሙ እየተነፈሰ የብስክሌቱን የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪውን፣ ቆርጦ ለቧንቧው ቀለበት አወጣለት፣ አጠበቀው፣ መልሰን ሞላን። እማዬ ከቧንቧው ሥር አመድ ነሰነሰች፤ ጠዋት አመዱ ከረጠበ ጠርሙስ፣ ከደረቀ ኢታንግ። ለሙቀቱ ብላ በርሜሉን እርጥብ ጆንያ አለበሰችው።

ጎህ ሲቀድ የመረብ ኳስ ቁምጣዬን በቀሚሴ ሥር አድርጌ ወጣሁ። አመዱ ረጥቦ ነበር። ቧንቧው ፊት ለፊት ጉድጉድ ጉድጉድ ያለ እርጥበት። መንገድ ላይ መኪናው ጥሩምባውን ይነፋል፣ አጁሉ ስሜን ትጠራለች። እማዬ ጓሮ ሄዳ አንድ ጠርሙስ በእጇ ይዛ ተመለሰች፣ አየችኝ፣ ጎንበስ አለች፣ ጣቷን እርጥቡ ላይ ጫን አድርጋ ወደ ምላሷ ወሰደችው። ቀስ ብላ ቀና አለችና ጆንያውን በእጇ ጨመቀችው፤ አመዱ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«ውሃ ነው» አለች። «የጆንያው ነው። ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?»

በአጥሩ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር፤ አጁሉ ከላይ ጎንበስ ብላ ክንዴን ያዘችና ጎትታ ጫነችኝ፣ ወደ ኢታንግ መንገድ ታጠፍን።